የአንዲስ እረኞች ከቅማልና ከእከክ ጋር ያደረጉት ተጋድሎ

በኦሪት ዘጸአት እንደ ተጻፈው፥ በግብፅ ላይ ከወረዱት መቅሠፍቶች ሦስተኛው ከምድር ትቢያ ተነሥቶ በሰውና በእንስሳ ላይ የሰፈረው ቅማል ነበረ፤ የፈርዖን ጠንቋዮችም አስቀድመው ውሃውን ወደ ደም መለወጥና ጓጕንቸሮችን ማውጣት ሲችሉ፥ ይህችን ታናሽ ፍጥረት ግን ለማውጣት ሞክረው ስላቃታቸው፥ የእግዚአብሔር ጣት እንደ ሆነ በንጉሣቸው ፊት ለመመስከር ተገደዱ። የታሪክ ጸሓፊዎች የነገሥታትን ዘመቻና የከተሞችን መቈርቈር በሰፊው ሲተርኩ፥ በእንስሳት ጠጉር ሥር ተሸሽገው የሕዝብን ሀብት ቀስ በቀስ የሚያሟጥጡትን ተሐዋስያን ከቍም ነገር ሳይቈጥሯቸው ያልፋሉ። ይሁን እንጂ ልብሱና ምግቡ፥ ማገዶውና መጓጓዣው ሁሉ ከመንጋው ለሚገኝ ሕዝብ፥ የመንጋውን ቆዳ ከተባይ መጠበቅ ከመስኖና ከመንገድ ሥራ የማያንስ ዐቢይ ጕዳይ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በደቡብ አሜሪካ፥ በአንዲስ ተራሮች ላይ ላማና አልፓካ የሚጠብቁ ሕዝቦች ከኢንካዎች ዘመን ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ መንጋቸውን ከቅማልና ከእከክ ለማዳን ያደረጉትን ተጋድሎ ነው። ዓመታቱ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ከዚህ ረዥም ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ የሚታየውና ጸሓፊውም አጥብቆ የሚያምንበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም መድኃኒት በየዘመኑ ቢለዋወጥም፥ ተባይን ድል የሚነሣው በአንድነት የሚፈጸም ሥርዓት መሆኑ፥ ሥርዓቱ በፈረሰበት ዘመን ደግሞ ከመድኃኒቶች ሁሉ የበረታው እንኳ መንጋውን ፈጽሞ ማዳን አለመቻሉ ነው።

ላማና አልፓካ ሻኛ የሌላቸው የግመል ዘመዶች ናቸው። የግመል ወገን ሁሉ ጥንተ መገኛው ሰሜን አሜሪካ እንደ ነበረ፥ ከዚያም አንዱ ነገድ ወደ እስያ ተሻግሮ ዛሬ በአፋርና በሶማሌ በረሓ የምናየውን ግመል ሲያስገኝ፥ ሌላው ነገድ የዛሬ 3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወደ ደቡብ አሜሪካ መውረዱን የቅሪተ አካል ሊቃውንት ያስረዳሉ። በዚያ ከቀሩት መካከል ጓናኮና ቪኩኛ እስከ ዛሬ በዱር የሚኖሩ ሲሆኑ፥ ላማ ከጓናኮ፥ አልፓካ ደግሞ ከቪኩኛ መውጣታቸውን በ2001 የታተመ የዘር ምርመራ አመልክቷል። የማላመዱ ሥራ የተጀመረው ከ6,000 ዓመት ገደማ በፊት እንደ ሆነ፥ በፔሩ በሁኒን አገር በቴላርማቻይ ዋሻ በየንጣፉ ተቈፍሮ የወጣው አጥንት ምስክር ነው፤ በዚያ አጥንት ውስጥ የአዳኝ ሲሳይ ከነበሩት አራዊት ቍጥር ይልቅ የቤት እንስሳትና የግልገሎቻቸው ቍጥር እየበዛ ሲሄድ ይታያልና።

እነዚህ እንስሳት የሚሰማሩበት ምድር ፑና ይባላል። ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትርና ከዚያም አልፎ ከፍ ያለ፥ ዛፍ የማይበቅልበት፥ ቀን ፀሓይ የሚያቃጥልበትና ሌሊት ውርጭ የሚወርድበት፥ እንደ ጓሳ የጠነከረ ሣር የሸፈነው ደጋ ነው። ላማ ጭነት ተሸካሚ ሲሆን፥ ወንዱ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ተሸክሞ ቀኑን ሙሉ በገደል መንገድ ይጓዛል። አልፓካ ግን ቁመቱ አጠር፥ ጠጉሩ ለስለስ ያለ፥ ውሃ በሚያቍርበት ረግረግ መስክ መዋል የሚወድ፥ ስለ ጠጉሩ ብቻ የሚጠበቅ እንስሳ ነው። በዚህ ብርድ አገር ጠጉር ለእንስሳው ሕይወቱ፥ ለእረኛውም ሀብቱ ስለ ሆነ፥ በጠጉሩ ሥር የሚሰፍር ተባይ ሁለቱንም አንድ ላይ ይበድላል።

ቅማሉም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቦቪኮላ ብሬቪሴፕስ የተባለው፥ ራሱ ሰፋ ያለ፥ መልኩ ወደ ቢጫ የሚያደላ፥ የቆዳ ቅርፊትና እድፍ እያኘከ የሚኖር ቅማል ነው፤ ይህ በጭራ ሥር፥ በአንገት ጎንና በሽንጥ ላይ ይበዛል። ሁለተኛው ሚክሮቶራሲየስ የተባለው፥ ራሱ ሹልና እጅግ የረዘመ፥ ቆዳ በስቶ ደም የሚመጥ ነው፤ ከዚህም ነገድ አንዱን የብራዚሉ ሊቅ ወርኔክ በ1932 መርምሮ ጽፎ፥ አርጀንቲናዊውን ሐኪም ሳልቫዶር ማሳን ለማክበር ማሳይ ብሎ ሰይሞታል። የሚያስደንቀው ነገር፥ ሚክሮቶራሲየስ ከሚባሉት አራት ዓይነቶች ሦስቱ በላማና በአልፓካ ወገን ላይ ሲገኙ፥ አራተኛው የሚኖረው በግመል ላይ መሆኑ ነው። ቅማል ከተፈጠረለት እንስሳ ውጭ ሰንብቶ መኖር ስለማይችል፥ የላማና የግመል አባቶች ሳይለያዩ በፊት የቅማሎቻቸውም አባቶች አብረው እንደ ነበሩ፥ ነገዱ በተለያየ ጊዜም እያንዳንዱ ከባለቤቱ ጋር ውቅያኖስና ተራራ እንደ ተሻገረ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ነገር ግን በጥንታውያን መጻሕፍት ውስጥ ጐልቶ የተጻፈው ቅማል ሳይሆን እከክ ነው። እከክ በዓይን ለማየት በሚያስቸግር፥ በቆዳ ውስጥ መንገድ እየቦረቦረ በሚኖር ተሐዋሲ የሚመጣ ደዌ ሲሆን፥ በጥቂት ወራት መንጋ ስለሚፈጅ የጸሓፊዎችን ዓይን ይስባል፤ ቅማል ግን ባለጸጋን በአንድ ሌሊት አያደኸይም፤ እንስሳውን እያሳከከ፥ እያከሳ፥ ጠጉሩን እያበላሸ፥ ግልገሉን ደም እያሳጣ ዓመታትን ይቈያል እንጂ። እረኛው ግን ሁለቱንም ያገኛቸው በአንድ በረት፥ በአንድ ጠጉር ሥር፥ በአንድ የክረምት ወራት ስለ ሆነ፥ የተከላከላቸውም በአንድ ዓይነት ብልሃት ነበረ፤ የቅማልን ታሪክ የሚፈልግ ሰውም በእከክ ታሪክ በኩል ሊያልፍ ግድ ይሆንበታል።

የኢንካዎች መንግሥት በ15ኛው መቶ ዓመት ከኩስኮ ተነሥቶ አንዲስን በጠቀለለ ጊዜ፥ መሬቱንና መንጋውን ለፀሓይ አምልኮ፥ ለንጉሡና ለሕዝቡ ብሎ ከፈለው። የመንግሥቱ መንጋዎች በጠጉራቸው መልክ ተለይተው፥ እያንዳንዱ መልክ ለብቻው እየተጠበቀ፥ ቍጥራቸው ኪፑ በተባለው የክር ቋጠሮ ይመዘገብ ነበር። ሴቲቱ እንድትታረድ አይፈቀድም፤ ጠጉሩም በተወሰነ ወራት ተሸልቶ ለየቤተሰቡ እየተሰፈረ ሸማኔው ለራሱና ለመንግሥቱ ይሠራበታል። የዱሮቹ ቪኩኛዎች እንኳ ቻኩ በሚባለው ታላቅ አደን ጊዜ እጅ ለእጅ በተያያዘ ብዙ ሕዝብ ከተከበቡ በኋላ፥ ጠጉራቸው ተሸልቶ፥ ተቈጥረው ይለቀቃሉ። እንግዲህ በየጊዜው የሚቈጠር እንስሳ በየጊዜው በእጅ የሚዳሰስና በዓይን የሚመረመር ስለ ሆነ፥ ቆጠራውና ሽልታው ራሳቸው የጤና ጥበቃ ሥራ እንደ ነበሩ ልብ ማለት ይገባል። ቅማልን በተመለከተ ደግሞ ሽልታ ከመድኃኒት ይቀድማል፤ ተባዩና ቅጫሙ አብዛኛው ከጠጉሩ ጋር ከመውደቁም በላይ፥ የተገለጠው ቆዳ ለፀሓይና ለደረቅ ነፋስ ስለሚጋለጥ የቀረው መሸሸጊያ ያጣል።

ስለ እከክም የታወቀ ሕግ ነበራቸው። የኩስኮ ገዥ የነበረው የሕግ ዐዋቂ ፖሎ ዴ ኦንዴጋርዶ፥ ከእርሱም በኋላ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ሆሴ ዴ አኮስታ በ1590 በሴቪል ባሳተመው መጽሐፉ እንደሚመሰክሩት፥ ካራቼ የሚባለው እከክ የተገኘበት እንስሳ ይፈወስ ዘንድ አይሞከርም፤ ነገር ግን በሽታው ወደ ሌላው እንዳይጋባ ወዲያውኑ ጥልቅ ጕድጓድ ተቈፍሮ ይቀበራል። ሕጉ ጨካኝ መስሎ ሊታይ ይችል ይሆናል። ይሁን እንጂ አንዱን በመቅበር ሺሁን ማዳን መሆኑን የተረዳ፥ በሽታ ከእንስሳ ወደ እንስሳ በመነካካት እንደሚተላለፍ መነጽርና ማጕያ ሳይኖረው ያስተዋለ፥ የአንድ ሰው ንብረት ሲታመም ጕዳዩ የአገር ሁሉ ጕዳይ እንደ ሆነ የቈጠረ ሕግ ነው።

ይህ ሥርዓት በስፔናውያን ወረራ ሲፈርስ ምን እንደ ተከተለ በዓይኑ ያየ ምስክር አለን። ኢንካው ጋርሲላሶ ዴ ላ ቬጋ በ1539 በኩስኮ ከስፔናዊ የጦር አለቃና ከኢንካ ነገሥታት ዘር ከሆነች እመቤት ተወልዶ፥ በወጣትነቱ ወደ ስፔን ተሻግሮ፥ በ1609 በሊዝቦን ያሳተመውን የኢንካዎች ታሪክ የጻፈ ሰው ነው። በእርሱ ትረካ መሠረት፥ የስፔን ንጉሥ እንደራሴ ብላስኮ ኑኜስ ቬላ በነበረበት በ1544 እና በ1545 ካራቼ በመንጋው ላይ ወረደ፤ በብሽሽትና በሆድ ላይ ጀምሮ በገላው ሁሉ እየተስፋፋ፥ ሁለትና ሦስት ጣት የሚያህል ቅርፊት እየሠራ፥ ቅርፊቱም እየተሰነጠቀ ደምና መግል እያፈሰሰ እንስሳውን በጥቂት ቀን ይገድለው ነበር። ከመንጋው ከሦስቱ እጅ ሁለቱ እንዳለቀ፥ ደዌውም ወደ ዱሮቹ ጓናኮና ቪኩኛ እንደ ተሻገረ ጽፏል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ስለ ቀበሮዎች የነገረው ነው። ስፔናዊው የጦር አለቃ ጎንዛሎ ፒዛሮ በሁዋሪና ጦርነት ድል አድርጎ ኩስኮ በተቀመጠበት ወራት፥ ያው እከክ የያዛቸው ቀበሮዎች በሌሊት ወደ ከተማው እየገቡ፥ ሲነጋ በየመንገዱና በየአደባባዩ አንዳንዱ ሞቶ አንዳንዱም በሕይወት ይገኝ ነበር፤ እከኩ ገላቸውን በስቶ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው የሚያሳልፍ ቀዳዳ ሠርቶባቸው ታየ። ሕዝቡም ይህን ምልክት አይቶ የጎንዛሎ ፒዛሮ መጨረሻ እንደ ቀረበ ተነበየ፤ በእርግጥም በ1548 ተሸንፎ ተገደለ። ጋርሲላሶ በዚያን ጊዜ የ8 ዓመት ያህል ብላቴና ነበር፤ በእርጅናው በባዕድ አገር ተቀምጦ ሲጽፍም ያ ትዕይንት ከዓይነ ሕሊናው አልጠፋም።

እዚህ ላይ አንባቢ ሁለቱ ምስክሮች እንደሚቃረኑ ያስተውላል። ጋርሲላሶ በሽታው ከዚያ በፊት ታይቶ የማይታወቅ ነበር ሲል፥ ፖሎና አኮስታ ግን ቀደምት ነገሥታት ሕግ እስኪያወጡለት ድረስ ያውቁት እንደ ነበር ይናገራሉ። ሁለቱን ለማስታረቅ የሚቀርበው ሐሳብ፥ ደዌው ጥንት የነበረ፥ በሥርዓት ተገትቶ የኖረ፥ ሥርዓቱ ሲፈርስ ግን ከወሰን ያለፈ መሆኑ ይመስለናል። በእነዚያ ዓመታት ስፔናውያን እርስ በርሳቸው በጦርነት ይተላለቁ ነበር፤ የመንግሥቱ እረኞች ከየቦታቸው ተበትነው ነበር፤ ኪፑውን የሚይዘው፥ መንጋውን የሚለየው፥ የታመመውን እንዲቀብር የሚያዝዘው ሹም ቀርቶ ነበር። በ1545 ደግሞ የፖቶሲ ብር በመገኘቱ ላማዎች ከየአገሩ ተሰብስበው በጭነት ረዥም መንገድ ይነዱ ጀመር፤ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ የደከሙ እንስሳት በአንድ በረት ሲያድሩ ደግሞ እከክም ቅማልም ከዚህ የተሻለ ምቹ ጊዜ አያገኙም።

ከሕጉ መጥፋት በኋላ እረኛው የቀረው መድኃኒት ፍለጋ ነበር። ጋርሲላሶ እንደሚለው፥ ብዙ ከተሞከረ በኋላ የተሻለ ሆኖ የተገኘው ሞቅ ያለ የዐሣማ ስብ መቀባት ነው፤ እረኛውም ማከክ ሲጀምር ገና ሳይስፋፋ ለመድረስ የእንስሳውን ብሽሽት ዘወትር ይመለከት ነበር። ዐሣማን ወደዚያ አገር ያመጡት ስፔናውያን ስለ ሆኑ፥ አዲሱ መድኃኒት የተቀዳው ከአዲሱ እንስሳ ነው። ስቡ የተባዩን መተንፈሻ ስለሚደፍንና ቅርፊቱን ስለሚያለሰልስ ይረዳል፤ ነገር ግን ለአንድ እንስሳ የሚሆን ብልሃት ሲሆን፥ ሺህ አልፓካ ላለው መንጋ የሚበቃ አልነበረም።

ከስቡ ቀጥሎ የተራራው ሕዝብ በገዛ ምድሩ የሚበቅለውን መራራ ተክል ሁሉ መርምሯል። ከእነዚህም ዋነኛው ታርዊ የሚባለው የአንዲስ ግብጦ ነው። በጎጃምና በአገው ምድር ያለ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ግብጦ መራራነቱ እስኪወጣ ድረስ ተቀቅሎ ወይም ተቈልቶ በወራጅ ውሃ ውስጥ ብዙ ቀን ሳይዘፈዘፍ አይበላም፤ የአንዲስ ገበሬም ለታርዊ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ፥ ታርዊ የተቀቀለበትን መራራ ውሃ ሳይደፋ አስቀምጦ፥ ቅማልና እከክ የያዘውን እንስሳ ያጥብበታል፤ በውሃው የቀረው መርዝ ተባዩን ይጐዳልና። የትንባሆ ቅጠል የተነከረበት ውሃም ለዚሁ ሥራ ይውል ነበር። ይህ ሁሉ በቤተሰብ ደረጃ የሚሠራ፥ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ፥ ለጥቂት እንስሳት የሚበቃ ጥበብ ነው።

ከጥበቡ በስተ ኋላ የቆመ እምነትም ነበር። በደቡብ ፔሩ እረኞች ዘንድ እንደሚነገረው፥ አልፓካዎች ከምንጭና ከሐይቅ የወጡ፥ የተራራው መናፍስት ንብረት የሆኑ፥ ለሰው በአደራ የተሰጡ እንስሳት ናቸው፤ ሰው በደግነት እስከ ጠበቃቸው ድረስ በእጁ ይቈያሉ፥ ከበደላቸው ግን ወደ ወጡበት ይመለሳሉ። በፓራቲያ እረኞች መካከል ተቀምጦ በ1968 ስለ አኗኗራቸው መጽሐፍ ያሳተመው የፔሩ ሊቅ ሆርሄ ፍሎሬስ ኦቾዋ የዚህን ሕዝብ ሥርዓትና እምነት ለዓለም ካስታወቁት ሰዎች ዋነኛው ነው። በየዓመቱ የእንስሳቱን ጆሮ በቀለም ክር እያስጌጡ ሲያመሰግኑ፥ እያንዳንዱን አልፓካ በእጃቸው ይይዛሉ፥ ይዳስሳሉ፥ ጠጉሩን ይገልጣሉ፤ በአደራ የተሰጠን ነገር የሚያስብ ሰው ንብረቱን ሳይመረምር አይውልምና።

በ19ኛው መቶ ዓመት የአልፓካ ጠጉር ከአገር ቤት ሽመና አልፎ የዓለም ሸቀጥ ሆነ። እንግሊዛዊው ባለፋብሪካ ታይተስ ሶልት በ1830ዎቹ በሊቨርፑል ወደብ ማንም ሳይፈልገው የተከማቸውን የአልፓካ ጠጉር ገዝቶ፥ የሚፈተልበትንና ከጥጥ ጋር የሚሸመንበትን ዘዴ አገኘ፤ በ1853ም በስሙ የተጠራውን ሶልቴር የተባለውን የፋብሪካ መንደር ከፈተ። ከዚያ ወዲህ በደቡብ ፔሩ የአሬኪፓ ነጋዴዎች ጠጉሩን ከየደጋው እያሰባሰቡ፥ በ1870ዎቹ እስከ ፑኖ በደረሰው የባቡር ሐዲድ እያስወረዱ ወደ ባሕር ማዶ ይልኩት ጀመር። ቅማል የያዘው አልፓካ በድንጋይ ካብና በአጥር ላይ ሲታከክ ጠጉሩ ይሰበራል፥ ይጠላለፋል፥ ይነቀላል፤ ስለዚህ ቀድሞ የእረኛው ችግር ብቻ የነበረው ቅማል በዚህ ዘመን የነጋዴውና የባለፋብሪካው ችግር ሆነ።

በዚሁ ዘመን በአውሮፓ በግን በመድኃኒት ገንዳ ውስጥ መንከር ተጀመረ። ዊልያም ኩፐር የተባለ እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም በ1852 አርሰኒክና ድኝ አቀላቅሎ በዱቄት መልክ ለገበያ አወጣ፤ ዘዴውም በግ ባለበት አገር ሁሉ ተስፋፋ። ፖል ሙለር በ1939 የዲ ዲ ቲን ተባይ ገዳይነት ካረጋገጠና በዚህም በ1948 የኖቤል ሽልማት ካገኘ በኋላ፥ ከዲ ዲ ቲና ከዘመዶቹ ወገን የሆኑት ሰው ሠራሽ መርዞች በአንዲስም መንከሪያ ገንዳዎች ገቡ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ሊንዴን በአካልና በምድር ውስጥ ለረዥም ጊዜ ሳይበሰብስ የሚቈይ ጕዳት አድራጊ መሆኑ ስለ ታወቀ፥ በ2009 በስቶክሆልም ስምምነት ከሚከለከሉት መካከል ተመዘገበ።

መንከሪያ ገንዳው ምን እንደሚመስል ማየት ጠቃሚ ነው። በምድር ውስጥ ጠባብና ጥልቅ ቦይ ይቈፈርና ግድግዳው በሲሚንቶ ይለሰናል፤ አንደኛው ጫፍ ገደል፥ ሌላኛው ጫፍ እንስሳው እየረገጠ የሚወጣበት ዳገት ነው። እንስሳቱ በድንጋይ ካብ መካከል አንድ በአንድ እየተነዱ ሲገቡ፥ አልፓካ ረዥም አንገቱን ቀና አድርጎ ራሱን ከውሃው ስለሚያወጣ፥ በገንዳው ዳር የቆመው ሰው ቆላፋ በሆነ በትር ራሱን አንድ ጊዜ ዝቅ ያደርገዋል፤ ጆሮውና ግንባሩ ሳይነከር ከቀረ ተባዩ ከዚያ ተነሥቶ ገላውን መልሶ ይወርሰዋልና። ሥራው የሚፈጸመው በማለዳ ነው፤ የረጠበ እንስሳ ሳይደርቅ የፑና ውርጭ ከደረሰበት በሳምባ ምች ይሞታል።

እንዲህ ያለው ገንዳ የአንድ ቤተሰብ አቅም አይደለም። ቀድሞ የሰፋፊ ርስት ባለቤቶች ለገዛ መንጋቸው ያሠሩት ነበር፤ በ1969 በፔሩ የወጣው የመሬት ይዞታ አዋጅ ርስቶቹን ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሲያዛውር ገንዳውም አብሮ ተዛወረ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብዙዎቹ ማኅበራት ተበትነው መሬቱና መንጋው በየመንደሩና በየቤተሰቡ ሲከፋፈል፥ ገንዳውን ማን ይጠግነው፥ መድኃኒቱን ማን ይግዛው የሚለው ጥያቄ ለመንደሩ ስምምነት ተተወ። በኩስኮና በፑኖ ወሰን በላ ራያ መተላለፊያ፥ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ላይ የሳን ማርኮስ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ምርምር ጣቢያ ተቋቍሞ፥ የአልፓካን በሽታዎች በሳይንስ መንገድ መመርመሩ የዚህ ዘመን ታላቅ ሥራ ነው።

በ1981 ደግሞ አይቨርሜክቲን ለእንስሳት መድኃኒትነት ለገበያ ቀረበ። ጃፓናዊው ሳቶሺ ኦሙራ ከአገሩ አፈር ባገኘው ታናሽ ሕዋስ ላይ፥ ዊልያም ካምቤል በአሜሪካ ባደረገው ምርምር የተገኘው ይህ መድኃኒት ሁለቱን ሊቃውንት በ2015 ለኖቤል ሽልማት አብቅቷቸዋል። በመርፌ ሲሰጥ እከክንም ደም መጣጩን ቅማልም ስለሚገድል፥ የአንዲስ እረኛ ከገንዳና ከውርጭ ጭንቀት የሚያርፍ መሰለው።

ነገር ግን በዚህ ላይ ሁለት ነገር ተገለጠ። መጀመሪያ፥ መድኃኒቱ የሚዘዋወረው በደም ውስጥ ስለ ሆነ፥ ደም የማይመጠው፥ የቆዳ ቅርፊት የሚያኝከው ቅማል እምብዛም አይጐዳም፤ እረኛው መርፌውን ወግቶ በሰላም ሲቀመጥ አኛኪው ቅማል መብዛቱን ይቀጥላል። ሁለተኛ፥ ለበግና ለከብት ተብሎ በጀርባ ላይ የሚፈስሰው መድኃኒት በቆዳው ቅባት ላይ ተንሸራትቶ ገላውን ሁሉ እንዲያዳርስ የታሰበ ሲሆን፥ የአልፓካ ጠጉር እንደ በግ ጠጉር ቅባት የሌለው ደረቅ ስለ ሆነ መድኃኒቱ ከፈሰሰበት ቦታ ብዙም አይርቅም፤ በረዥሙ ጠጉር ላይ ቀርቶ ቆዳውን ሳይነካ የሚደርቅበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ ጠንቃቃ ሐኪም አስቀድሞ የትኛው ቅማል እንደ ሆነ ይለያል፤ በመቀጠል ከሽልታ በኋላ ጠጉሩን እየገለጠ መድኃኒቱን ከቆዳው ጋር ያገናኛል።

ምርመራው ራሱ ትዕግሥት ይጠይቃል። እንስሳው በብርሃን ተይዞ በጭራው ሥር፥ በሽንጡና በአንገቱ ጎን ጠጉሩ እስከ ቆዳው ድረስ ይከፈላል። አኛኪው ቅማል ብርሃን ሲያገኘው ወደ ጠጉሩ ሥር ስለሚሸሽ ፈጥኖ ማየት ያስፈልጋል፤ ደም መጣጩ ግን ራሱን በቆዳው ውስጥ ተክሎ ባለበት ይቈያል። ከጠጉሩ ጋር የተጣበቀው ቅጫም መድኃኒት ስለማይደፍረው፥ የሞቱትን ቅማሎች አይቶ ሥራዬን ፈጸምሁ የሚል ሰው ይሳሳታል፤ ቅጫሙ ተፈልፍሎ ገና ሳይጐለምስ፥ ማለት ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ፥ መድኃኒቱ መደገም አለበት። ከሁሉም በላይ የመንጋው እንስሳት፥ የታመሙትም ጤነኛ የሚመስሉትም፥ በአንድ ቀን መታከም ይገባቸዋል፤ አንድ አልፓካ ቢቀር መንጋው ሁሉ እንዳልታከመ ይቈጠራል። አዲስ የተገዛ እንስሳም ተመርምሮና ታክሞ ለብቻው ሳይሰነብት ከነባሩ ጋር አይቀላቀልም፤ መሸለቻ መቀስና የጭነት ልብስም ከመንጋ ወደ መንጋ ሳይጸዳ አይተላለፍም።

ይህን ትምህርት ከአንዲስ ውጭ ያሉ አገሮችም ተምረውታል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ አልፓካ ወደ ሰሜን አሜሪካ፥ ወደ አውስትራሊያ፥ ወደ ኒው ዚላንድና ወደ እንግሊዝ አገር ሲጓዝ ቅማሉም ተከተለው፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት አኛኪው ቅማል በእነዚህ ሩቅ መንጋዎች ላይ መገኘቱን የእንስሳት ሐኪሞች ጽፈዋል። በዚያም ድል የተደረገው የታመመውን ለይቶ በማከም ሳይሆን፥ የመንጋውን ሁሉ ጠጉር ሸልቶ፥ በአንድ ቀን አክሞ፥ በጊዜው ደግሞ፥ እንግዳውን ለይቶ በማቈየት ነው። የኢንካው ሹም አንዱን ቀብሮ ሺሁን ሲያድን ያሰበው ሐሳብና የዛሬው ሐኪም እንግዳውን እንስሳ ለብቻው ሲያስቀምጥ የሚያስበው ሐሳብ አንድ ነው፤ ምሕረቱ ጨመረ እንጂ ሥርዓቱ አልተለወጠም።

ይህ ጕዳይ ለእኛም የሩቅ አገር ወሬ ብቻ ተደርጎ የሚታይ አይደለም። ላማና አልፓካ ባይኖሩንም፥ በበጎቻችንና በፍየሎቻችን ላይ የሚሰፍሩት ቅማልና ሌሎች የቆዳ ተባዮች በቆዳ ፋብሪካዎቻችን እከክ ተብሎ የሚጠራውን እንከን ያስከትላሉ፤ እንስሳው በቁሙ ሳለ የማይታየው ይህ ጠባሳ፥ ቆዳው ከጠጉሩ ተላቅቆ በፋብሪካ ሲዘጋጅ ብቅ ብሎ፥ በዓለም ገበያ በመልካምነቱ የታወቀውን የደጋ በግ ቆዳ ዋጋ ያዋርደዋል። ለበጎቹ የሚረጭ መድኃኒት በየጊዜው ቀርቦ ያውቃል፤ ነገር ግን አንድ ገበሬ በጎቹን አስረጭቶ ጎረቤቱ ሳያስረጭ ቢቀር፥ ሁለቱም መንጋዎች በአንድ ግጦሽ ላይ ስለሚውሉ ጥቂት ሳምንት ሳያልፍ ተባዩ ይመለሳል። እንግዲህ ከአንዲስ እረኞች ታሪክ የምንወስደው ቁም ነገር ግልጽ ነው፤ መድኃኒቱን የሚገዛ መንግሥት ወይም ማኅበር፥ ከመድኃኒቱ አስቀድሞ ቀኑን ይወስን፤ በአንድ ቀበሌ ያለው መንጋ ሁሉ ከሽልታ ወይም ከዝናም ወራት በኋላ በአንድ ቀን እንዲታከም፥ ከሁለት ሳምንት በኋላም እንዲደገምለት፥ ከገበያ የመጣው በግ ለብቻው እንዲሰነብት፥ የአካባቢው ሽማግሌዎች ራሳቸው ተስማምተው ይደንግጉ። ይህ ከተደረገ ለመድኃኒቱ የወጣው ገንዘብ ፍሬውን ያሳያል፤ የገበሬውም ድካም በቆዳው ዋጋ ይካሳል።